ፎጣ ለከለከሉን ክቡር ፕሬዚዳንት

ለክቡር የቦክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ራስ ምታት አይንካዎ፤ እጅዎ ብርጭቆ ሲያነሣ አይንቀጥቀጥ፤ ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሡ ወለሉ ከእግርዎ ሥር ባለበት ይጽናልዎ። የቤትዎ ቁልፍ ዘወትር ቀዳዳውን ያግኝ፤ የልጆችዎንም ስም አንዱን ከሌላው ሳያምታቱ ለመጥራት ያብቃዎ። ምኞቴን እንዲህ መዘርዘሬ ሌላውን ጤና ንቄ አይደለም፤ በእኛ ቤት የጎደለውን በእርስዎ ቤት እንዳይጎድል ብዬ ነው።

እኔ ሕዝቡ ችንካር እያለ የሚጠራው ቦክሰኛ ታላቅ እኅት ነኝ። ወንድሜ በመጪው ቅዳሜ በከተማው የስፖርት አዳራሽ ለሻምፒዮንነት ቀበቶ አሥር ዙር ሊጋጠም ነው። ግጥሚያውን ያዘጋጁት፣ ማስታወቂያውን በየግድግዳው ያስለጠፉት፣ ፎቶግራፍዎንም ከሁለቱ ቦክሰኞች አስበልጠው ያሳተሙት እርስዎ ስለሆኑ ቅሬታዬን ለሌላ ሰው ማቅረብ ድካምዎን መዘንጋት ይሆንብኛል። በግንባር ላቀርብልዎ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ ነበር። ጸሐፊዎ በመጀመሪያው ጊዜ ስብሰባ ላይ፣ በሁለተኛው መስክ ላይ፣ በሦስተኛው ደግሞ ስለ መስኩ በሚነጋገር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ በትሕትና ነገረችኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው፤ ጋዜጣ በየትኛውም ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ አይጠፋምና።

ለጊዜዎ በማሰብ ጉዳዬን በቁጥር ከፋፍያለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፎጣው። ባለፈው ዓመት ያወጡት መመሪያ በሪንጉ ጥግ የሚቆሙ ረዳቶች ፎጣ እንዳይወረውሩ ይከለክላል። ቦክስ ለማያዘወትረው የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ፎጣ የምንለው ላብ የሚጠረግበት ተራ ነጭ ፎጣ ነው። አሠልጣኙ ልጁ ከአቅሙ በላይ እየተመታ እንደሆነ ሲያይ ወደ ሪንጉ ይወረውረዋል፤ ዳኛውም ግጥሚያውን ያቆማል። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ግን ግጥሚያ እንዲቆም መጠየቅ የሚችለው ቦክሰኛው ራሱ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄውንም የሚያቀርበው ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ በማንሣት ነው። ዳኛው ደግሞ ቦክሰኛው ካልወደቀ ወይም እጁን ካላነሣ በቀር ጣልቃ እንዳይገባ ታዟል። ምክንያቱ በመግቢያው ላይ ሰፍሯል፤ ቦክሰኛ ዐዋቂ ዜጋ እንደመሆኑ በገዛ አካሉ ላይ ሌላ ሰው ሊወስንበት አይገባም ይላል።

ለወንድሜ ነጻነት ከእኔ፣ ከአሠልጣኙና ከራሱ ከወንድሜ አብልጠው ስላሰቡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንድ ሰው ጭንቅላቱ እየተቀጠቀጠ ሳለ ስለ ጭንቅላቱ በጥሞና አስቦ እንዲወስን ዕድል የሰጠ ሌላ ተቋም በበኩሌ አላውቅም።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች የመመሪያውን መነሻ ሌላ ያደርጉታል። ወንድሜ ያኔ ይዞት የነበረውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ባስነጠቀበት ግጥሚያ አሠልጣኙ በስድስተኛው ዙር ፎጣ ሲወረውሩ፣ ለአሸናፊው ቀበቶ እንዲያስታጥቁ የጋበዟቸው የክብር እንግዳ ገና ከታች በእንግዳ መቀበያው ኬክ እየቆረሱ ነበር ይላሉ። እርሳቸው ሽቅብ ሲወጡ ሕዝቡ ቁልቁል ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገናኙ፤ እርስዎም በዚያ ግፊያ መካከል ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁ ታዩ ይላሉ። እኔ ይህን ወሬ አላምንም። መመሪያው ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው መውጣቱ የሥራ ትጋትዎን ከማሳየት በቀር ሌላ የሚያሳየው ነገር የለም።

ሁለተኛ፤ ይህ ከቅሬታ ይልቅ ማስታወሻ ነው። ፌዴሬሽኑን ሲረከቡ ከሌላ የሥራ መስክ እንደመጡ ስለሰማሁ፣ ያገዱት ነገር ምን እንደነበር ማንም ሳይነግርዎ ቀርቶ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ወንድሜ ያደገው በጎሚስታ ቤት ጎማ እየፈታና እየገጠመ ነው። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሾፌር ሥራው ዘገየብኝ ብሎ በጥፊ መታው። ወንድሜ እጁን ሳያነሣ፣ እግሩንም ሳያነቃንቅ ቆሞ ተመለከተው። ሾፌሩ ደገመው፤ አሁንም ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛውን ለመሰንዘር ያፈረው ሾፌሩ ራሱ ነበር። ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩ ሰው ነበሩ፤ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበሩ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ የሠፈሩን ወጣቶች የሚያሠለጥኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። እዚያው ስሙን ችንካር አሉት፤ በዚያው ሳምንት እኔን ፈልገው ቤት ድረስ መጡ። «ወንድምሽ መምታት አያውቅም፤ ማፈግፈግም አያውቅም» አሉኝ። «የመጀመሪያውን አስተምረዋለሁ። ሁለተኛው ግን ያስፈራኛል።»

በጋሼ አዳራሽ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ከግጥሚያ በፊት፣ ጓንቱ ከመታሠሩ አስቀድሞ፣ ቦክሰኛው ራሱ ፎጣውን አጥፎ በሁለት እጁ ለጋሼ ይሰጣል። እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ያኖሩታል። ቃል አይለዋወጡም፤ ትርጉሙ ግን ለአዲስ ገቢው እንኳ ግልጽ ነው። መምታቱ የእኔ፣ ማቆሙ የእርስዎ ማለት ነው። ሰው ሁለቱን በአንድ ራስ መሸከም አይችልምና። ላቁም ይሆን እያለ የሚያስብ ቦክሰኛ በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል፤ ጨርሶ የማያስብ ደግሞ በመጨረሻው። ስለዚህ አንዱ ይዋጋል፣ ሌላው ይፈራለታል።

ወንድሜ በዚህ ልማድ ከጀማሪነት እስከ ቀበቶ ደረሰ። አፍንጫው ተሰበረ፣ ቅንድቡ ተሰፋ፣ በዝረራ አሸነፈ፣ በነጥብ ተሸነፈ፤ ፎጣውን ግን ሳያስረክብ ሪንግ ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ በስድስተኛው ዙር ወርውረው ቀበቶውን ሲያሳጡት ቀበቶዬን ጣሉብኝ ብሎ አኮረፈ፤ በመንገድ ሲያያቸው ይሻገር ነበር፤ እኔንም ቤት ውስጥ ስማቸውን አታንሺብኝ አለኝ። ጋሼም አልተለማመጡትም። መመሪያው ገና ሥራ ላይ ሳይውል ቀጣዩ ግጥሚያ ሲደርስ ፎጣውን አጥፎ ይዞ ሄደ፤ በሁለት እጁ መስጠቱን ቢተወውም ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። እርሳቸውም ምንም እንዳልጎደለ ሰው በሁለት እጃቸው አንሥተው ትከሻቸው ላይ አኖሩት። እርስዎ በአንድ አንቀጽ የሰረዙት፣ ክቡር ሆይ፣ ይህንን ነው።

ሦስተኛ፤ መመሪያው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ወንድሜ ስለተጋጠመበት ዕለት። ተጋጣሚው አንድ ግራኝ ነበር፤ እርስዎም በክብር ወንበር ላይ ስለነበሩ የግጥሚያውን አካሄድ ልተርክልዎ አልደፍርም፤ ምናልባት ከእንግዶችዎ ጋር ሲጨዋወቱ ያመለጠዎትን ብቻ ላስታውስ። ከአጋማሹ ጀምሮ የወንድሜ ግራ እግር መጎተት ጀመረ። እኔ ከሦስተኛው ረድፍ አይቼዋለሁ። የግጥሚያው ሐኪም ግን አላዩትም፤ ከሪንጉ ሥር የነበረው ወንበራቸው ለስፖንሰሩ ባለቤት ስለተፈለገ ከዓምዱ ኋላ ተዘዋውረው ነበርና። ስለዚህ ጥፋቱ የዓምዱ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ጋሼ ወደ ታዛቢዎች ጠረጴዛ ሄደው ልጁ አደጋ ላይ ነውና አቁሙልኝ አሉ። የሕግ ክፍል ኃላፊዎ ጥያቄው በቦክሰኛው በኩል ካልቀረበ ተቀባይነት እንደሌለው ከመነጽራቸው በላይ እያዩ አስረዷቸው። ጋሼ ወደ ጥጉ ተመለሱ። በዕረፍቱ ወንድሜ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲያለከልክ ጎንበስ ብለው ይብቃህ አሉት። ያን ጊዜ እኔም ወደ ጥጉ ተጠግቼ ስለነበር የመለሰላቸውን ሰምቻለሁ።

«ማን ነው ያለው?» አለ።

«እኔ ነኝ ያልሁት።»

«እርስዎማ አሁን አይችሉም፣ ጋሼ» አለና ደወሉ ሳይደወል ተነሣ።

ይህን ሲል አልተቆጣም፤ አላሾፈባቸውምም። የነበረውን ነገር ነው የነገራቸው። እርሱም በዚያች ደቂቃ ገና መረዳቱ ይመስለኛል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሕፃን ሳለ በገበያ መካከል እጄ አምልጦት ዞር ሲል ካጣኝ ጊዜ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ዙር የተመታውን አልቆጠርሁም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው በገመዱ መካከል ሾልከው ሪንጉ ውስጥ ገብተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወንድሜን ከኋላቸው ከልለው ቆመዋል። ለወንድሜ የተሰነዘረው የመጨረሻው ቡጢ ያረፈው በእርሳቸው ትከሻ ላይ ነው። ፌዴሬሽኑ ወንድሜን በደንብ መጣስ ተሸናፊ ብሎ፣ ጋሼን ደግሞ ለአንድ ዓመት ከማንኛውም ጥግ አገደ። አረጋዊውን በጡረታ ዘመናቸው ዕረፍት እንዲያገኙ በማሰብዎ ቤተሰቡ ሁሉ አመስግኖዎታል፤ ትከሻቸውም ቀስ በቀስ እየተሻለው ነው።

አራተኛ፤ ስለ ቅዳሜ። በደንብ መጣስ የተሸነፈ ቦክሰኛ እንዴት ለሻምፒዮንነት ታጨ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የአሠራርዎን ብልኅነት ተረድቻለሁ። ሻምፒዮኑ ስሙ የታወቀና እግሩ የሚጎተት ተጋጣሚ ይፈልግ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እርስዎ ግን አገኙለት።

ወንድሜ ዛሬ ሻይ ሲቀዳ ከስኒው አጠገብ ያፈስሳል፤ ከዚያ የፈሰሰውን አይቶ ማን አፈሰሰው ይላል። ጎሚስታ ቤት ሄዶ የድሮ ጓደኞቹን ሰላም ሲል አንዱን ሁለት ጊዜ ይጨብጠዋል። ጓደኞቹም የዋዛ አይደሉምና ሁለተኛውንም ይጨብጡታል፤ አንዱማ ችንካር ሰላምታ በጅምላ ጀመረ ብሎ አስቆን ነበር። ወንድሜም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ምን እንዳሳቀን ጠየቀኝ። የወሰድሁት የነርቭ ሐኪም የአንጎሉን ምስል በመብራት ላይ አንጠልጥሎ ብዙ ነገር አስረዳኝ፤ ከሁሉም የያዝሁት ከእንግዲህ ጭንቅላቱ ላይ በኃይል ቢመታ ከሪንጉ በቃሬዛ እንደሚወርድ፣ ከቃሬዛውም ላይነሣ እንደሚችል ነው። ይህንን ይዤ ፌዴሬሽኑ ዘንድ ብመጣ ተቋሙ ከራሱ ሐኪም በቀር የሌላውን ምርመራ እንደማይቀበል ተነገረኝ። የእርስዎ ሐኪም ወንድሜን መርምረውታል። ስሙን፣ ዕለቱንና የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ማን እንደሆኑ ጠይቀውታል። የእርስዎን ስም ያለ አንዳች ስሕተት ስለተናገረ ጤነኛ ነው ተብሏል። ፎቶግራፍዎ በየግድግዳው ባይለጠፍ ኖሮ ወንድሜ ፈተናውን ይወድቅ ነበር፤ ቀልዴን ነው ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ።

በጋሼ ፋንታ ቅዳሜ የወንድሜን ጥግ እንዲይዝ የመደቡት ባለሙያ የውኃ ዋና አሠልጣኝ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን በፎጣ ረገድ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ከየት ይገኛል? ሰውየው ደግ ሰው ነው። ሊተዋወቀን መጥቶ በዕረፍት ጊዜ ቦክሰኛው ውኃውን ይውጠው ወይስ ይትፋው ብሎ ጠየቀ። ወንድሜም ከዚህ ሁሉ ነገር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሲስቅ አየሁት፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ከግጥሚያው እንዲቀር እንዳልመክረው በመመሪያዎ ከሻምፒዮና ግጥሚያ የቀረ ቦክሰኛ ፈቃዱ ለዘለቄታው ይሰረዛል። እርሱም ከሚሰረዝ ቢሰበር ይመርጣል። አንቀጹ ለአንድ ግጥሚያ ብቻ እንዲነሣልን፣ ወይም የጋሼ እገዳ ለአንድ ቀን እንዲላላልን ስጠይቅ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊዎ ይህን ማድረግ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ እንደሆነና ጉባኤውም በሚቀጥለው ወር እንደሚሰበሰብ ነገሩኝ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ጥበቃ አያስፈልገውም፣ ክቡር ሆይ። ቅዳሜን ከተረፈ ይድናል፤ ካልተረፈም ጉባኤው በኅሊና ጸሎት ይከፈታል።

ስለዚህ የቀረኝ መንገድ እርስዎ ያዘዙት ብቻ ነበር፤ እጁን እንዲያነሣ ወንድሜን መለመን። ባለፈው እሑድ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ክሩ አልታዘዝ ሲለው አይቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ አሰርሁለትም። ቅዳሜ ከከበደህ ስለ እኔ ብለህ ቀኝ እጅህን አንሣ አልሁት።

«እታለም» አለኝ፣ «ያን እጅ ካነሣሁት በኋላ ማን ላይ አሳርፈዋለሁ?»

 ያሰርሁለትን ክር እያየም እንዲህ አለ፦ «ሰው ችንካር አይፈራም ይላል አይደል? እኔ እኮ ያልፈራሁት ጋሼ ስለሚፈሩልኝ ነው። አሁን እርሳቸው የሉም። መፍራቱንም እኔ ልጀምረው? መቼ ተማርሁትና ነው?»

እጁን አያነሣም። ይህንን እኔ ዐውቃለሁ፤ ጋሼ ያውቃሉ፤ ሻምፒዮኑ ያውቃል፤ ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ያውቃል። እርስዎም መመሪያውን ሲፈርሙ ሳያውቁት ቀርተው ከሆነ፣ እነሆ ከዛሬ ጀምሮ ዐውቀውታል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ለዚህ ብቻ ነው፤ ከቅዳሜ በኋላ ማንም እርስዎን አላወቁም ነበር ብሎ እንዳይሰድብዎ።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ለቅዳሜ የሚይዘውን ዕቃ ሲያሰናዳ ከልማዱ የተነሣ ፎጣውን ከሳጥኑ አወጣ፤ አጠፈውም። ከዚያ በሁለት እጁ እንደያዘው በክፍሉ መካከል ቆመ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ እኔ አየ። የሚያስረክበው ሰው ስላጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወደ ልምምዱ ወጣ። እኔም ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር በጸሐፊዎ በኩል ለእርስዎ ልኬዋለሁ።

እባክዎ በሁለት እጅዎ ይቀበሉት። መመሪያው የሚከለክለው በጥግ የሚቆሙ ረዳቶችን እንጂ በክብር ወንበር የሚቀመጡ ፕሬዚዳንቶችን አይደለም። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ የሕግ ክፍል ኃላፊዎን ጠይቄአቸው ነበር፤ «ፕሬዚዳንቱንማ ማን ይከለክላቸዋል?» ብለው ስቀውብኛል። እንግዲህ በአገሩ ላይ ቅዳሜ ዕለት ወንድሜን ለማዳን የተፈቀደለት አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። ወንበርዎ ለሪንጉ ቅርብ ነው፤ ክንድዎም ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልገው ዐይንዎን ከእንግዶችዎ ላይ አንሥተው የወንድሜን ግራ እግር ማየት ብቻ ነው። መጎተት ሲጀምር ይወርውሩት። እኔ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጬ የእርስዎን ትከሻ እመለከታለሁ፤ ይህንን ጋዜጣ ያነበበው ሕዝብም አብሮኝ ይመለከታል።

ለስፖርቱ ክብር ሌት ተቀን መድከምዎን የማይዘነጉ፣ ለወንድሜ ያስረከቡትን ነጻነት ደግሞ ከእንግዲህ መልሰው እንዲወስዱለት በጽኑ የሚለምኑ ቤተሰቦቹን በመወከል፣ ከላቀ አክብሮትና ከማይረግብ ስጋት ጋር፣

የችንካር ታላቅ እኅት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፎጣው ታጥቧል፤ ከጠርዙ ያለው የደም ነጠብጣብ ግን ብዙ ባሸውም አልለቀቀኝምና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከወረወሩት በኋላ ለጋሼ እንዲመልሱልን እንለምናለን፤ ሌሎች ልጆች አሏቸው። ሳይወረውሩት ግጥሚያው ካለቀ ግን መመለሱን ይተዉት፤ ያን ዕለት እጅዎን ሲታጠቡ ማድረቂያ ያስፈልግዎታል።